የእማማ ጥሩወርቅ አንገት

ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ባለ ፎቶ ቤት ኤዲተር ሆኜ የጀመርኩ ዕለት ከመካኒሳ በታክሲ ተጋፍቼ ደረስኩ። የቤቱ ባለቤት ጋሽ ታደሰ ገና ወንበር ሳይሰጡኝ «ጥሬውን እንዳትነኪ» አሉኝ። ሥጋ ቤት የተቀጠርኩ መሰለኝ።

ጥሬ የሚሉት ካሜራው ሳያሳምር እንዳለ የሚሰጠንን ፋይል ነው። ሶፍትዌሩ እሱን አይነካውም። እኛ ያደረግነውን ብቻ በስክሪኑ ግራ በኩል ይደረድራል፤ ቀለም ተስተካከለ፣ ብርሃን ተጨመረ፣ ብጉር ጠፋ እያለ። ሂስትሪ እንለዋለን። አንዱን እርምጃ ጠቅ ስታደርጉት ፎቶው ያኔ ወደነበረበት ይመለሳል። ለትዳርም እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ብዬ ስንቴ ተመኝቻለሁ።

የሰፈራችን የሠርግ ፎቶ አብዛኛው ድንኳን ውስጥ የተነሳ ነው። ድንኳኑ አረንጓዴ ከሆነ ሙሽራዋም ሚዜውም ጠጁም አረንጓዴ ነው። እሱን ማስተካከል ነው ዋናው እንጀራችን።

አብሮኝ የሚሠራው ዳዊት ጎበዝ ነው፤ ግን ጽዳት ያበዛል። ፎቶ በጨረሰ ቁጥር ሂስትሪውን ጠራርጎ ያጠፋዋል። ጋሽ ታደሰም ይደግፉታል፤ ኮምፒውተሩ የሚያቃስተው በሂስትሪ ብዛት ይመስላቸዋል።

«ጋሽዬ፣ ሂስትሪ እኮ አይከብድም። ኮምፒውተሩ ነው ያረጀው» ስላቸው፣ «እሱም እንደኔ ነው፣ አትናገሪው» ብለው ይስቃሉ። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አለብኝ። ዝም ማለት ደግሞ አልችልበትም።

አንድ ጠዋት እማማ ጥሩወርቅ ከልጃቸው ጋር መጡ። ልጅቷ በቅርቡ ያገባች ሙሽራ ናት፤ እሳቸው ለሠርጉ ከደብረ ማርቆስ መጥተው በማግስቱ ሊመለሱ ነው። ያዘዙት በሠርጉ የተነሱትን አንድ ፎቶ በትልቁ ነበር። ጋሽ ታደሰ አውጥተው ሰጧቸው። እማማ መነጽራቸውን አድርገው ቆዩበት።

«ይቺ ማናት?»

«እማ፣ አንቺ ነሽ እኮ» አለች ልጅቷ። «ወጣት ሆነሻል።»

«አንገቴስ?»

ቀና ብዬ ሳይ ገባኝ። የእማማ አንገት ላይ ሦስት ረድፍ ንቅሳት አለ። ፎቶው ላይ የለም፤ ዳዊት አጽድቶታል። ክፋት የለበትም፤ ንቅሳቴን አጥፉልኝ የሚል ደንበኛ ስለሚበዛ እጁ ለምዶ ነው። ግን ማን ጠየቀው?

«ከእህቴ ጋር ባንድ ቀን ነው የተነቀስነው» አሉ እማማ። «እሷ እግሯን አሟት ለሠርጉ አልመጣችም። ፎቶውን የምወስደው ለሷ ነው። ይሄን ባሳያት፣ አዲስ አበባ ሄደሽ አንገትሽን አስፋቅሽ አትለኝም?»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ጋሽ ታደሰ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ሰላም፣ ንቅሳቱን መልሺላቸው እንጂ።»

ዳዊት ያን ቀን ዕረፍት ላይ ነበር። ፎቶውን ስከፍተው ሂስትሪው ባዶ ነው። አንገቱ ላይ የተደረገው ማጥፊያ ደግሞ እርስ በርሱ ተደራርቦ አንዱን ሳነሳ ሌላው ብቅ ይላል። «ይኸው ጋሽዬ፣ የጽዳታችን ውጤት» የሚል ቃል ደንበኛ ፊት ከአፌ አመለጠኝ።

ከጥሬው እንደገና ከመጀመር ሌላ መንገድ አልነበረም። ለእማማ አጠገቤ ወንበር አምጥቼ ጥሬውን ከፈትኩት። ንቅሳቱ አለ፤ ፊታቸው ግን እንደ ድንኳኑ አረንጓዴ ነው።

«አሞኝ ነበር እንዴ?» አሉ። ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች።

አረንጓዴውን አወጣሁ። ብርሃን ጨመርኩ። ጉንጫቸው ላይ ያለውን ጠባሳ አጠፋሁ፣ የዓይናቸውን ሥር አለሰለስኩ። አንገታቸውን አልነካሁም። እማማ ግን የሚያዩት የስክሪኑን ግራ ነው።

«ይሄ የሚደረደረው ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«ያደረግኩት ሁሉ ነው፣ እማማ። ካልወደዱት ወደ ኋላ ይመለሳል።»

«እስቲ መልሺ።»

መለስኩ። የዓይናቸው ሥር መስመር መጣ።

«መልሺ።»

ጠባሳው መጣ። ልጅቷ «እማ፣ እሱስ ይጥፋ» አለች። እማማ አልሰሟትም።

«መልሺ።»

ብርሃኑ ቀነሰ፤ ጠይም መልካቸው መጣ። ከጥሬው የተለየው አረንጓዴው መውጣቱ ብቻ ነው።

«እዚህ ላይ ተይው» አሉ።

እኔ ብሆን እዚያ ላይ አላቆምም ነበር። እጄ ገና ነው ገና ነው ይለኛል። ጋሽ ታደሰን ቀና ብዬ ሳያቸው «እንዳሉት ይታጠብ» አሉ።

አዲሱ ፎቶ ሲወጣ እማማ ጣታቸውን መጀመሪያ ፎቶው ላይ ባለው ንቅሳት፣ ቀጥሎ በራሳቸው አንገት ላይ አሳረፉ። «አሁን እህቴ ታውቀኛለች» አሉ።

በማግስቱ ጋሽ ታደሰ ዳዊትን «ሂስትሪ አታጥፋ» አሉት። ምክንያቱን አልነገሩትም። እኔ ነገርኩት፣ በሰፊው። ኮምፒውተሩ ዛሬም ያቃስታል።

አዲስ ለምትጀምሩ፦ የሠራችሁትን እርምጃ አታጥፉ። የት ላይ እንደሚቆም የሚያውቀው የፊቱ ባለቤት ነው።