ለፓርሚንተር ለቅሶ መቀመጥ

አንድ ሰው ኖሮ ኖሮ ሲያበቃ፣ የኖረው ሁሉ ተሰብስቦ ምን ያህላል? ታደገ ይህን ጥያቄ ሲያብሰለስል የከረመው ዱሉዝ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ባለው መጋዘን ውስጥ ቆሞ ነው። ሥራው አሮጌ መጻሕፍት መለየት ነው። ሰው የጣለውና የለገሰው መጽሐፍ በካርቶን እየታጨቀ ይመጣል፤ እሱ ጀርባውን በስካነር ያስነብባል። ማሽኑ ያወቀው ለሽያጭ ይቀመጣል፤ ያላወቀው ወደ ወረቀት መፍጫ ይሄዳል። ባርኮድ የሌለው ነገር ለማሽኑ ጭራሽ እንዳልተጻፈ ነው።

አንድ ቀን ከካርቶኑ ሥር የድሮ የእንግሊዝ ኮሚክ፣ በሥዕል ታሪክ የሚነግሩ መጽሔቶች ወጡ። ሳምንታዊ ናቸው፤ ወረቀታቸው ወይቧል፤ በየገጹ መንኮራኩር፣ መቃብርና ጭራቅ ተሥሏል። ባርኮድ የላቸውም። ታደገ ሊጥላቸው አነሣቸውና እጁ እምቢ አለው።

"ቴክ ኢት ሆም፣ ጋሽ ታደገ" አለው አለቃው ዑመር እያለፈ። "ያው ትራሽ ነው።"

ቤት ወሰዳቸው። በዚያ ዘመን በእንዲህ ዓይነት መጽሔት ላይ የደራሲ ስም የማተም ልማድ አልነበረም። ታደገ ግን ዲቪ ደርሶት ከመምጣቱ በፊት ደሴ ላይ እንግሊዝኛ ሲያስተምር፣ የተማሪ ድርሰት ሲያርም የኖረ ሰው ነው። ስም ያልተጻፈበት ወረቀት የማን እንደሆነ ከአረፍተ ነገሩ መለየት ለምዷል። እያነበበ ሲሄድ ከብዙዎቹ መካከል የአንድ ሰው እጅ ይታየው ጀመር።

በሌሎቹ ታሪክ ውስጥ ጭራቅ የሚበላው ሰው ለመበላት ብቻ የመጣ ነው፤ ይጮኻል፣ ያልቃል። ይህኛው ደራሲ ግን ማንንም እንዲሁ አያስበላም። ጨረቃ ላይ ማዕድን የሚቆፍር አንድ ሠራተኛ አለ። ከኋላው ያ ነገር ቀስ ብሎ ሲነሣ እኛ እናያለን፤ እሱ አያይም። ለባልደረባው "ጫማዬን ገና ዛሬ ማስጠገኔ ነው" ይለዋል። በሚቀጥለው ሥዕል ላይ ጫማው ብቻ ቀርቷል። ታደገ ያን ቀን ምሳውን ሳይነካ ዋለ። ከጭራቁ ጥርስ ይልቅ ያስፈራው የሰውየው ለነገ መዘጋጀት ነበር። ቁም ነገር የሚባለው መጽሐፍ "ብዙ ሕዝብ አለቀ" ብሎ ገጽ ይገለብጣል፤ ይህ ለልጆች የሚጽፍ ሰው ግን አንዱን እንኳ ሳያስተዋውቅ አያስቀብርም። የራሱ ስም ደግሞ የትም የለም።

ስሙን ያገኘችው እዚያው አቅራቢያ፣ ደንዉዲ ከተማ፣ ቢሮ የምትሠራው ልጁ ማሂ ናት።

"አባ፣ አገኘሁት! ላይክ፣ የድሮ ኮሚክ የሚሰበስቡ ሰዎች ፔጅ አላቸው። ሌስሊ ፓርሚንተር ይባላል።"

ታደገ ስሙን ደጋግሞ በአፉ አመላለሰው። "ደብዳቤ እጽፍለታለሁ" አለ።

ማሂ ስልኳን ዝቅ አደረገች። "ሶሪ አባዬ። ባለፈው ወር ነው የሞተው። ነርሲንግ ሆም ውስጥ። ፋሚሊ አልነበረውም ይላል።"

"ማን ቀበረው?"

"አይልም።"

በሚቀጥለው እሑድ የእድሩ ስብሰባ ሊልበርን፣ እትዬ ዘውድነሽ ቤት ነበር። የአንዱ አክስት ጎንደር፣ የሌላው አማች ጅማ በሞቱ ቁጥር በአባላቱ ሳሎን ወንበር ይደረደራል። ሟችን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው የሥራ ልብሱን እንደለበሰ መጥቶ ይቀመጣል። ታደገም ሲቀመጥ ኖሯል። ስብሰባው ሊያልቅ ሲል እጁን አወጣ።

"ለቅሶ አለብኝ" አለ።

"ውይ በሞትኩት! ምነው ሳትነግረን!" እትዬ ዘውድነሽ ነጠላቸውን ማዘቅዘቅ ጀመሩ። "ማን ሞተብህ?"

"ሌስሊ ፓርሚንተር የሚባል እንግሊዛዊ።"

የነጠላው ጫፍ ባለበት ቆመ። ሊቀመንበሩ አቶ ገብረእግዚአብሔር መነጽራቸውን አስተካከሉ። "በጋብቻ የተዛመድከው ነው?"

"አይደለም።"

"አብረኸው ሠርተሃል?"

"አግኝቼው አላውቅም።"

"ታዲያ ምንህ ነው?"

"አንባቢው ነኝ። ደራሲ ነው።"

"ደራሲ! መልካም። ምን ይጽፋል?"

የታሪክ ሊቅ ነው ቢል ምናልባት ያከብሩለት ነበር። ታደገ ግን በሟች ላይ መዋሸት አልሆነለትም። "የጭራቅ ታሪክ" አለ።

ሳሎኑ በሳቅ ፈነዳ። "ለጭራቅ አባት ንፍሮ ልቀቅል?" አሉ እትዬ ዘውድነሽ። "ሰው ካልቀረበለት መቼ ይበላልኛል!"

አቶ ገብረእግዚአብሔር ዓይናቸውን ጠረጉ። "ታደገ ወንድሜ፣ ደንባችን ወላጅ፣ ልጅ፣ እህት ወንድምና አማች ነው የሚለው። ዛሬ ላንተ ብንቀመጥ፣ ነገ ደግሞ አንዱ የምወደው ኳስ ተጫዋች ሞተብኝ ይላል።"

"ጋሼ፣ አጎትዎ ያረፉ ጊዜ ሦስቱንም ቀን ተቀምጫለሁ። አላውቃቸውም ነበር።"

"ለእኔ ብለህ ነዋ!"

"እናንተም ለእኔ ብላችሁ ተቀመጡ።"

ሳቁ ቆመ። አቶ ገብረእግዚአብሔር ትክ ብለው አዩት፤ ክፋት አልነበረባቸውም። "አንተማ ደህና ነህ እኮ፤ ምን ሐዘን አለብህ?" አሉት። ሰዉ ኮቱን እያነሣ ተነሣ።

መኪና ውስጥ ማሂ ክንዱን ነካ አደረገችው። "አባ፣ ፔጁ ላይ ፖስት ላድርግልህ? ብዙ ሰው ኮሜንት ያደርጋል፣ ፕሮሚስ።"

"ሰው መቀመጥ አለበት፣ ማሂዬ። ቅዳሜ ቤቴ እቀመጥለታለሁ፤ የእድሩንም ሰው እጠራለሁ። አንቺስ አትመጪም?"

"ቅዳሜ ትራቭል አለብኝ እኮ፣ አባ።"

ማሂም ተጓዘች፤ ከእድሩም የመጣ አልነበረም። ታደገ የለመናቸው ያን ያህል ትልቅ ነገር አይደለም፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ ውስጥ ትንሽ እንዲቀመጡለት፣ ከእነሱም አንዱ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው ወደ እሱ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ለመሆኑ እንዴት ያለ ሰው ነበር?" እንዲለው ነው።