የጎረቤቴ ሳሪዎችና የእኔ ምንጣፍ

ምንጣፉን የገዛሁት ሚያዝያ ላይ ነበር፤ የሰፈሩ ትምህርት ቤት አሮጌ ዕቃ ሰብስቦ በሚሸጥበት ቅዳሜ። ቀይ፣ ወፍራም የሱፍ ምንጣፍ ነው። ሳሎን ስዘረጋው ልጄ አፍንጫዋን ይዛ "ማማ፣ ይሄ ነገር ይሸታል" አለችኝ። እውነቷን ነበር። ሁለት ቀን በረንዳ ላይ አናፈስኩት፤ ሽታው አልለቅ ሲለኝ ጠቅልዬ በገመድ አሰርኩና ምድር ቤት አወረድኩት።

እዚህ ኖርዌይ፣ ትሮስተሩድ በሚባለው ሰፈር ያለው ሕንፃችን ምድር ቤቱ ውስጥ ለየቤቱ አንዳንድ ጠባብ የዕቃ ክፍል አለው። ቦድ እንለዋለን። አንዱን ቦድ ከሌላው የሚለየው የእንጨት ርብራብ ነው፤ እጅ ባያሳልፍም ጣት ያሳልፋል። ምንጣፉን ርብራቡ ላይ አስደግፌ አቆምኩትና ረሳሁት።

መከር ላይ የሕንፃው የውሃ ቧንቧ ሊቀየር ሆነና ሁሉም ሰው ዕቃውን ወደ ታች ማውረድ ጀመረ። ከእኔ ቦድ ቀጥሎ ያለው የአንዲት ህንዳዊት ሴት ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከእኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። የምንነጋገረው በኖርዌጅኛ ነው፤ በኖርዌጅኛ ደግሞ ትልቁም ትንሹም አንተና አንቺ ነው የሚባለው። እኔ አፌ አንቺ ቢላቸውም ልቤ አንቱ ይላቸው ነበር። እዚህም የምጽፈው እንደ ልቤ ነው።

ወንድ ልጃቸው ከበርገን መጥቶ ዕቃቸውን ሲያወርድላቸው ደረጃው ላይ ተገናኘን። ትልቅ የቆርቆሮ ሳጥን ተሸክሟል። መቆለፊያው ተሰብሮ ክዳኑ በደንብ ስለማይገጥም በልብስ ማስጫ ገመድ አስሮታል። እሳቸው ከኋላው "ቀስ፣ ቀስ በል" እያሉ ይወርዳሉ። ውስጡ ምን እንዳለ ያኔ አላወቅሁም፤ የሰው አያያዝ ግን ያሳብቃል።

የካቲት ላይ አንድ ቀን መሀል ከተማ ከማጸዳው ቢሮ ተመልሼ፣ ሻንጣ ልፈልግ ወደ ቦዴ ወረድኩ። ምንጣፉን ገፋ ሳደርገው ከእጥፋቱ ውስጥ የገለባ ቀለም ያላት ትንሽ ቢራቢሮ ወጣች። ወደ መብራቱ አልበረረችም፤ ሮጣ ጨለማው ውስጥ ገባች። ገመዱን ፈትቼ ጫፉን ገለጥኩት። ሱፉ እስከ ሥሩ ተግጧል። በመካከሉ ሩዝ የመሰሉ ትሎች ይላወሳሉ።

ብል ነው።

ቀና ስል በርብራቡ በኩል የጎረቤቴ ሳጥን ታየኝ። ከምንጣፌ የሚርቀው አንድ ስንዝር ነው። ክዳኑ ደግሞ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለው።

ያደረግሁትን እንዳደረግሁት ልናገር። ምንጣፉን በጥቁር ፕላስቲክ ጠቀለልኩ፤ ግቢው ውስጥ የቧንቧ ሠራተኞቹ ፍርስራሽ የሚጥሉበት ኮንቴይነር ስለነበር ተሸክሜ ወስጄ ከተሰባበረው ሸክላ ሥር ቀበርኩት። ማንም አላየኝም። ተመልሼ ወለሉን ጠረግሁ። ከዚያ የጎረቤቴ በር ድረስ ሄድኩ። ውስጥ ራዲዮ ይሰማል። እጄን ለማንኳኳት አነሳሁና መልሼ አወረድኩት። ምናልባት ሳጥኑ ጋ አልደረሰ ይሆናል ብዬ ወደ ቤቴ ወጣሁ።

ለልጄ ነገርኳት። እሷ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጅ ናት፤ ነገር አታወሳስብም።

"ንገሪያት፣ ማማ። አሁኑኑ።"

"ነገ እነግራቸዋለሁ።"

"ያ፣ ነገ" አለች፣ በኖርዌጅኛ አዎ ማለቷ ነው፣ ፊቷን ወደ ኮምፒውተሯ አዙራ።

ነገ ነገ እያልኩ ሦስት ሳምንት አለፈ።

በሦስተኛው ሳምንት አራተኛ ፎቅ ያለች ሴት የልጆቿን የሱፍ ሹራቦች ተበልተው አገኘቻቸው። የነዋሪዎቹ ቦርድ፣ እኛ ስቲረ የምንለው፣ ተባይ አጥፊ ጠራ። ሰውየው ቦዶቹን ሁሉ በባትሪ እያየ ዞረ፤ ብሉ በብዛት የተገኘው ሳጥኑ አካባቢ ነበር። በማግስቱ መግቢያው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የብሉ ምንጭ በአንድ ቦድ ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ የጨርቅ ክምችት መሆኑን፣ ባለቤቱ እስከ ዓርብ ሁሉንም ማስወገድ እንዳለበት፣ ረቡዕ በአሥራ አንድ ሰዓት ስብሰባ መኖሩን ይገልጻል። ስም አልተጻፈም። ሳጥኑን ግን የማያውቅ አልነበረም።

ማክሰኞ በሬ ተንኳኳ። እሳቸው ናቸው።

"ዓይንሽ ደህና ነው?" አሉኝ። "የእኔ ደክሟል። ሳጥኑን ልከፍተው ነው፣ ብቻዬን ግን አልቻልኩም።"

ተከትያቸው ወረድኩ። ሳጥኑን ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ጎትተን ጠረጴዛው ላይ ነጭ አንሶላ ዘረጋን። ገመዱን የፈቱት እሳቸው ናቸው።

ሳጥኑ ሙሉ ሳሪ ነው፤ የህንድ ሴቶች ገላቸው ላይ የሚጠመጥሙት ረጅም ጨርቅ። አባታቸው የባቡር መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ስለነበሩ በየጥቂት ዓመቱ ከአንዱ የህንድ ጫፍ ወደ ሌላው ይዛወሩ ነበር። እናታቸው የተዛወሩበት አገር ሁሉ የዚያን አገር ሸማኔ ፈልገው አንድ አንድ ሳሪ ይገዙ ነበር፤ ሲሞቱ ሁሉም ለእሳቸው ተረፈ።

መጀመሪያ የወጣው ከቤንጋል የመጣ ነው፤ እስትንፋስ የመሰለ ስስ ጥጥ። ብል ጥጥ አይነካምና ምንም አልሆነም። ወደ መብራቱ ከፍ አድርጌ ስይዘው አበቦቹ አየር ላይ የቆሙ ይመስላሉ። ገልብጬ ጀርባውን አየሁት።

"እያንዳንዱ አበባ በየራሱ ክር ነው የተጣለው። በእጅ" አልኩ፣ ሳላስበው።

እጃቸውን አቁመው አዩኝ። "እንዴት አወቅሽ?"

"አባቴ ሸማኔ ነበር። እኛም ጥበብ የምንጥለው እንዲህ ነው።"

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ልጅ ሳለሁ ሸማኔ የሚለው ቃል በትምህርት ቤታችን መሰደቢያ ስለነበር አባቴ ነጋዴ ነው እል ነበር። ኖርዌይ ከመጣሁም በኋላ ስለ አባቴ ሥራ ስጠየቅ ወሬ አስቀይራለሁ። እሳቸው ግን ቃሉን ሲሰሙ ፊታቸው ፈካ፤ ወንበር ስበው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

ቀጥሎ ከደቡብ፣ ከካንቺፑራም የመጣው ወጣ። አረንጓዴ ሐር ነው፣ ጥለቱ ቀይ። ገላውና ጥለቱ የተለያየ መወርወሪያ ስላላቸው ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ሆኖ እየተቀባበለ እንደሚሸምነው ነገሩኝ። ሁለቱ ቀለም የተጋጠመበትን ቦታ በጥፍሬ ሞከርኩት፤ ንቅንቅ አይልም። ጫፉ ላይ ግን ምስር የሚያህሉ ሁለት ቀዳዳዎች ነበሩ። እሳቸው አዩዋቸውና ሳሪውን አጥፈው አስቀመጡት።

የመጨረሻው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነበር። አልነኩትም።

"ይሄ ፓቶላ ነው" አሉ። "ከጉጅራት፣ ከእናቴ አገር። የተዳርኩበት ነው። እሱን ነገ እናየዋለን።"

ትሉ ውስጡ ካለ ሌላ አንድ ሌሊት ሲበላ ሊያድር ነው። "ዛሬ ይሻላል" አልኳቸው።

"እንግዲያው አንቺ ፍቺው።"

ፈታሁት። ደማቅ ቀይ ነው፤ በላዩ ዝሆንና አበባ በቢጫና በአረንጓዴ ተሰልፏል። ፊቱና ጀርባው አንድ ነው፣ አይለይም። አንዱን እጥፋት ሳነሳ በቀዳዳ ውስጥ ብርሃን አየሁ። ሁለተኛውን ሳነሳ እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ቀዳዳ አለ። ትሉ የታጠፈውን ሐር ከላይ እስከ ታች ቀጥ አድርጎ በልቶት ስለወረደ ስንዘረጋው ቀዳዳው በየእጥፋቱ እየተደገመ ሄደ። እሳቸው አንዱ ውስጥ ጣታቸውን አስገብተው ቆዩ።

"ክር አለኝ። ቀዳዳውን በመርፌ ልጠቅመው እችላለሁ" አልኩ።

"ይሄ አይጠቀምም። ገና ሳይሸመን ድሩም ማጉም በየቦታው እየታሰረ በቀለም ይነከራል። ሲሸመን ቀለምና ቀለም ሲገናኝ ነው ዝሆኑ የሚወጣው። ሌላ ክር ብታስገቢ ዝሆን አይሆንልሽም።" ከዚያ ሳሪውን እየሰበሰቡ "ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉ። "እዚህ ማውረድ አልነበረብኝም። ነገ ሰዉን ይቅርታ እጠይቃለሁ። አንቺ ባትኖሪ ደግሞ ልከፍተውም አልችልም ነበር።"

ከዚያ የተሻለ የመናገሪያ ጊዜ አልነበረም። አፌን ከፈትኩ። "አይዞዎት" ብቻ አልኳቸው። ሳጥኑን አስረው አመስግነውኝ ወጡ። እኔ ባዶው ጠረጴዛ ፊት ተቀምጬ ቀረሁ።

ረቡዕ ስብሰባው ላይ ሃያ የሚሆን ሰው ነበር። እኔ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። እሳቸው ከፊት ነበሩ፤ ተራ የጥጥ ሳሪ ለብሰው በላዩ ወፍራም የክረምት ጃኬት ደርበዋል። ሰብሳቢው ጡረታ የወጣ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው፤ የተባይ አጥፊውን ደብዳቤ አነበበ። የአራተኛ ፎቋ ሴት እጇን አውጥታ "ሹራቦቹን የሠራቻቸው እናቴ ናት፤ አሁን በሕይወት የለችም" አለች። "ሰው አሮጌ ጨርቅ ከህንድ ሲያመጣ ትንሽ ማሰብ አለበት።"

እሳቸው ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሱ። "ከሳጥኔ የወጣ ከሆነ" ብለው ጀመሩ፤ ቃል ፍለጋ ቆም አሉ።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ወንበሬ ወለሉን ሲፍቅ ሰዉ ሁሉ ዞረ።

"ከእሳቸው አይደለም፣ ከእኔ ነው" አልኩ። "የሱፍ ምንጣፍ ነበረኝ፣ ከሳጥኑ አጠገብ። መበላቱን የካቲት ላይ አይቼ ኮንቴይነር ውስጥ ደበቅሁት።"

"የካቲት ላይ?" አለ ሰብሳቢው።

"ያ።"

"ለማንም ሳትናገሪ?"

"ያ።"

እሳቸው ወደ እኔ አልዞሩም። ተቀመጡና የጃኬታቸውን ዚፕ እስከ አንገታቸው ዘጉት። ስብሰባው እንዳበቃ ከሁሉም ቀድመው ወጡ።

በራቸውን አንኳኳሁ። ሰንሰለቱን ሳያላቅቁ ከፈቱ።

"ትናንት እጅሽ ፓቶላዬ ላይ ነበር" አሉ። "ያኔም ታውቂ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

"ለምን ታዲያ?"

"ፈራሁ። የሰው ቤት እያጸዳች የራሷን ያቆሸሸች እንዳይሉኝ።"

"እኔን ሲሉኝ ግን ዝም ብለሽ ሰማሽ" አሉና በሩን ዘጉት።

ማስታወቂያው ተነሳ፤ የዓርቡ ቀነ ገደብ ግን አልተነሳም። ማን አመጣው ሌላ ነገር ነው፣ ብል ያለበት ዕቃ በሕንፃው ውስጥ አይቆይም ተባለ። ተባይ አጥፊውን ስልክ ደውዬ ጠየቅሁት። ሐር ሙቀት እንደማይችል፣ በጥልቅ ቅዝቃዜ ሁለት ሳምንት ቢቀመጥ ግን ትሉም እንቁላሉም እንደሚሞት ነገረኝ። ያን ሁሉ ሳሪ የሚይዝ ማቀዝቀዣ በቤታችን የለም። ሐሙስ ከሥራ ወጥቼ ግሮንላንድ ወደሚባለው ሰፈር፣ ጤፍ ከምገዛበት ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ያገሬ ሰው ነው።

"ልብስ? ከሥጋ ጋር?" አለ፣ ሚዛኑን ትቶ። "እህቴ፣ ተቆጣጣሪ ቢመጣ ሱቄን ይዘጋብኛል።"

ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት፤ ምንጣፉንም ጭምር። ጢሙን እያሻሸ ሰማኝ። በመጨረሻ ጓዳው ውስጥ አሮጌ ማቀዝቀዣ እንዳለው፣ ምግብ ማስቀመጥ ከተወበት ዓመት እንዳለፈው ነገረኝ። "ይጮሃል እንጂ ይሠራል" አለ።

ይህን በወረቀት ጽፌ በጎረቤቴ የፖስታ ሳጥን ውስጥ ከተትኩ። መልስ አልመጣም። ዓርብ ቀደም ብዬ ከሥራ ወጣሁ። የሚወገደውን ዕቃ የሚወስደው መኪና በስምንት ሰዓት ይመጣል ተብሏል። ሰባት ሰዓት ላይ ስደርስ ሳጥኑ መግቢያው ላይ ነው፤ እሳቸው ጃኬታቸውን ለብሰው ላዩ ላይ ተቀምጠዋል። ሳሪዎቹን በፕላስቲክ በየራሳቸው አሽገዋቸዋል። ለመኪናው ይሁን ለእኔ የወጡት አላወቅሁም።

"ከባዱን ጫፍ አንቺ ትይዣለሽ" አሉኝ።

በባቡር ወደ ግሮንላንድ ሄድን። ሳጥኑ በመካከላችን ቆሟል፤ ባቡሩ ሲታጠፍ ሁለታችንም እኩል እንይዘዋለን።

ሁለቱን ሳምንት አንድም ቀን ሳይቀሩ ሱቁ እየሄዱ የማቀዝቀዣውን መለኪያ ያዩ እንደነበር ከባለሱቁ ሰማሁ። ሳሪዎቹ ሲወጡ በሕይወት ያለ ትል አልተገኘም። ፓቶላው በክር ሊጠገን ስለማይችል ከቀዳዳዎቹ ጀርባ ስስ ቀይ ሐር ተሰፍቶ እንዲደገፍ ወሰኑ። "አንቺ ትሰፊዋለሽ፣ እዚህ፣ ፊቴ" አሉ። ስድስት እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወጥ ቤታቸው ተቀምጬ ሰፋሁ። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ከመርፌዬ ዓይናቸውን አይነቅሉም። በሁለተኛው እሑድ ስፌቴ ትንሽ ሐሩን ስቦት ነበር።

"ፍቺው" አሉ።

ፈታሁት።

ሐምሌ ላይ የልጅ ልጃቸው በርገን ስታገባ ፓቶላውን ለበሱት። ሲመለሱ ፎቶውን ደረጃው ላይ አሳዩኝ፤ ቀዳዳዎቹ እጥፋቱ ውስጥ ገብተው አይታዩም። የአራተኛ ፎቋ ሴት እስካሁን ሰላም አትለኝም። እሳቸው ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም፣ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ባለፈው እሑድ ግን ካንቺፑራሙን አውጥተው ሁለቱ ቀዳዳዎች ያሉበትን ጫፍ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና፣ ወንበሩን በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።