ምሳው የቀረ ዓመት

ከወለጋ ተመድቤ ስመጣ የሰጡኝ ሁለተኛ ክፍልን ነበር። ትምህርት ቤቱ ከባምባሲ ወጣ ብሎ የማንጎ ዛፎች መሀል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጆቹን ወባ የያዛቸው መስሎኝ ነበር። ጠዋት ሲንጫጩ ይገባሉ፤ ከእረፍት በኋላ አንድ በአንድ ዴስኩ ላይ ይደፋሉ። ጥቂቶቹን ጤና ኬላ ወሰድኳቸው። የጤና ባለሙያዋ ደማቸውን መርምራ፣ "ወባ የለባቸውም። ቁርስ በልተው እንደሆነ ጠይቂያቸው" አለችኝ። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ጠየቅኩ። እጅ ያወጡት ከፊት ባለው አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡት ብቻ ነበሩ።

በዚያው ዓመት አጋማሽ ላይ ለተማሪዎቹ የምሳ ምገባ ተጀመረ። የምታበስለው ባሏ የሞተባት የበርታ ሴት ነበረች፤ ልጆቹ "እማ" ይሏታል። አንድ ቀን ንፍሮ፣ አንድ ቀን የማሽላ ገንፎ በባሚያ። እጁን ያልታጠበ ልጅ ጭልፋዋ አጠገብ አይደርስም።

ከተማሪዎቼ አንዷ መስኮቱ ሥር የምትቀመጥ ቀጭን ልጅ ናት። ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ቤታቸው የሚናገሩት በርትኛ ስለሆነ አማርኛ የማይገባት መስሎኝ ነበር። ምሳው ከተጀመረ በኋላ አንድ ቀን "ዝናብ" የሚለውን ቃል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሳልጨርስ ከኋላዬ አንድ ድምፅ ጮክ ብሎ አነበበው። ዞር ስል እሷ ናት፤ ራሷም ደንግጣ አፏን በእጇ ይዛለች። ከዚያ ወዲያ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች፤ የሳሙና መጠቅለያ፣ የዘይት ጀሪካን፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ።

አንድ ቀን ምግብ አብሳይዋ ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛዋ ጠራችኝ።

"አስተማሪ፣ ይሄ ልጅ አይበላም። ግማሹን ይቋጥራል።"

ያቺ አንባቢዋ ልጅ ምግቡን የቋጠረችበትን የሻርፗን ጫፍ ጨምድዳ ይዛ ቆማለች። "ለእናቴ ነው" አለች። "ታጠባለች።"

ምግብ ወደ ቤት መውሰድ ክልክል ነበር። ሴትየዋ እኔንም አጠገቤ የቆመውን ርዕሰ መምህርም ዞር ብላ አላየችም፤ ጭልፋዋን አንስታ ሳህኑን እንደገና ሞላችው። "እዚህ ብላ። የእናትህን እኔ ያውቃል" አለቻት። ልጅቷ እዚያው ቆማ በላች። በዚያው ማታ ምግብ አብሳይዋ ከራሷ ቤት ገንፎ ይዛ ወደ እናትየው ስትሄድ አየኋት።

በቀጣዩ ዓመት ትምህርት ሲከፈት መንገዱ በጸጥታ ችግር ተዘግቶ ነበር። እህል የሚያመጣው መኪና ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ሲባል ቀረ። ምግብ አብሳይዋ ለጥቂት ጊዜ ከጓሮዋ ማሽላና ዱባ እያመጣች አበሰለች፤ እሱም አለቀባት። ድስቱን አጥባ ደፋችው። ልጆቹ በእረፍት ሰዓት ያልበሰለ ማንጎ በድንጋይ እያወረዱ መብላት ጀመሩ፤ ከሰዓት በኋላ ሆዳቸውን ይዘው ያቃስታሉ። እንቅልፉም ተመለሰ።

ልጅቷ ሦስተኛ ክፍል ገብታ፣ እኔም ክፍሉን ተከትዬ አልፌ ነበር። አንድ ቀን እንድታነብ አስነሳኋት። ጣቷ አንድ ቃል ላይ ቆመ።

"ምነው?"

"ቲቸር፣ ፊደሉ ይንቀሳቀሳል።"

ተቀመጪ አልኳት። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳትቆይ ከትምህርት ቤት ቀረች።

ቤታቸው ሄድኩ። እናትየዋ ደጃፉ ላይ ሕፃኗን እያጠባች፣ "ከአክስቷ ጋር ወርቅ ሄደች" አለችኝ።

"ጉድጓድ ልትቆፍር? ገና ልጅ ናት እኮ!"

"አፈር ታጥባለች። እዛ ያበላሉ።" ቀና ብላ አየችኝ። "እናንተ ጋ ምን አለ?"

ተሰናብቻት ተመለስኩ።

ዝናብ ሲጀምር የወርቅ ጉድጓዱ ተደረመሰ። አክስቷ እዚያው ቀረች። ልጅቷን አፈሩን እየዛቁ በሕይወት አወጧት፤ አንድ እግሯ ተሰብሯል። እኔና ምግብ አብሳይዋ አሶሳ ሆስፒታል ሄደን ጠየቅናት። ፊቷ አብጦ ነበር።

"ቲቸር፣ ምሳ ተጀመረ?" አለችኝ።

"ገና ነው" አልኳት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ምግብ አብሳይዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች፤ በረንዳው ላይ ስታለቅስ ይሰማኛል።

ምገባው የተመለሰው በዓመቱ ነው። ያን ጊዜ ከክፍሌ ልጆች ብዙዎቹ ወርቅ ላይ ነበሩ፤ ሲጠሩም አልመጡም። እሷ መጣች፤ በዱላ እየተደገፈች። የተሰበረው እግሯ አጥሮ ነው የገጠመው። ሰልፍ መቆም ስለማትችል ሳህኗን ካለችበት ያመጡላታል፤ ተርቦ እንደኖረ ሰው ቀና ሳትል ትበላለች። ንባቡ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። መስመር መሀል ቆማ ትቀራለች፤ ከባድ መኪና በመንገዱ አልፎ መሬቱ ከነቀነቀ መጽሐፉን ዘግታ ዴስኩን ትይዛለች። የዓመቱን ፈተና ወደቀች።

ዘንድሮም ሦስተኛ ክፍል ናት፤ ትከሻዋ ላይ በማይደርሱ ልጆች መሀል። አልፎ አልፎ ለማንበብ እጇን ታወጣለች፤ እኔም እስክትጨርስ እጠብቃታለሁ። ቀን ቀን እህሉ እስከ መቼ እንደሚዘልቅ መጋዘን ጠባቂውን እጠይቃለሁ፤ እሱም አያውቅም።