የዲዛይን ኮርሱና የእድሩ ድንኳን

ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች የዲዛይን ሀ ሁ የሚያስተምር ኮርስ ባዘጋጅ፣ ርእሰ መምህራችን «ኮሚቴ ይየው» እያሉ አጉላሉኝ። እኔ ግን ዝግጅቴን አላቆምኩም። የመጀመሪያው ትምህርት ልጆቹ የሰፈራቸውን ዕቃ አይተው እንዲያሻሽሉ ነው። ለሙከራ የእድራችንን ድንኳን መረጥኩ፤ ዝናብ ሲጥል ጣሪያው ውኃ ያቁራል። ቅዳሜ ጠዋት ተውሼ ቤቴል ያለችው ቤቴ ደጃፍ ላይ ተከልኩትና ሜትር ልገዛ ሄድኩ።

ስመለስ ድንኳኑ በለቀስተኛ ሞልቷል። እኛ ሰፈር ድንኳን ከታየ መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ማን እንደሞተ የሚጠየቀው ኋላ ነው። በር ላይ የተቀመጡ የማላውቃቸው አዛውንት ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

«አባቴ፣ ማን ሞቶ ነው?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«እዚህ ብቻውን የሚኖር አስተማሪ ነው አሉ። በሩን ቢያንኳኩ መልስ የለም። ታውቀው ነበር?»

«ትንሽ ትንሽ።»

አለሁ ብዬ ልነሳ ስል፣ ሁልጊዜ ሙዚቃህን ቀንስ የሚሉኝ ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ተከናንበው «ድምፁ የማይሰማ ልጅ!» እያሉ ደረታቸውን መቱ። ደስ አለኝና ተመልሼ ቁጭ አልኩ።

ይሄኔ ርእሰ መምህሩ ወሬው ደርሷቸው ዓለም ባንክ ከሚባለው ሰፈር ከች አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ለመታሰቢያው ኮርሱ ከሰኞ ጀምሮ እንዲሰጥ ወስነናል» አሉ።

ራሴን መቆጣጠር አቅቶኝ ዘልዬ አቀፍኳቸው። ድንኳኑ በጩኸት ተናጋ። እሳቸው ግን ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና እንባቸውን ጠረጉ።

«አለህ እንዴ? እንግዲያውስ ኮሚቴ ይየው።»