ለአሮፕላን የለቀለቅነው ሜዳ

በድሮው የሰሜኑ ጦርነት ዘመን ከወልድያ ወደ መርሳ የሚወስደው መንገድ ለሳምንታት የሚዘጋበት ጊዜ ነበር። ሲከፈትም ቅድሚያው ለወታደርና ለጥይት ነው። እኔ ያኔ መርሳ አቅራቢያ ግራና የተመደብኩ ወጣት መምህር ነበርኩ። ኩፍኝ ገብቶ የክፍሌ ወንበሮች አንድ በአንድ ባዶ ሲሆኑ፣ የውጭ አገር ረድኤት ሰዎች ክትባቱን በትንሽ አሮፕላን ሊያመጡልን ተስማሙ። ማረፊያውን ማዘጋጀት የእኛ ድርሻ ሆነ። እንግሊዝኛ ስለምሞካክርና በገመድ ሜትር መለካት ስለማውቅ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ።

የአሮፕላን ማረፊያ ማን አይቶ ያውቃል? እኔም አላየሁም። ገበሬዎቹን ሰብስቤ «እንደ አውድማ ልሙጥ ይሁን» አልኳቸው። ጥሩ ምሳሌ ያገኘሁ መስሎኝ በራሴ ኮርቼ ነበር።

የተከራየኋት ክፍል ባለቤት አውድማ በማሰናዳት የታወቁ ሙስሊም ሽማግሌ ነበሩ። ድንጋዩ ተለቅሞ ጉድጓዱ ከተደለደለ በኋላ ሜዳውን ዞረው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይህማ አቧራ ነው። እንግዳ በአቧራ ይቀበሉታል እንዴ? በእበት ይለቅለቅ እንጂ።»

«አባባ፣ አሮፕላን እኮ ነው። እህል አይወቃበትም።»

«አብሽር ልጄ። በሬ ስንት ቀን ሲዞርበት የማይነሳ ልቅላቂ፣ አሮፕላን አንዴ ቢያርፍበት ምን ይሆናል?»

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከየበረቱ እበት በእንቅብ እየተሸከመ መጣ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ለቀለቅን። የሜዳው የላይኛው ወገን ደርቆ እንደ ምጣድ ጠነከረ። የታችኛውን ጫፍ የጨረስነው ግን በሦስተኛው ቀን ማለዳ ነው። አሮፕላኑ የሚመጣው ቀትር ላይ ነው ስለተባልን እስከዚያ ፀሐይ ታደርቀዋለች ብለን ነበር። እሱ ግን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከተፍ አለ።

ሁለቴ ዞረና ወረደ። እግሩ መሬት የነካው የሜዳውን እኩሌታ ካለፈ በኋላ ነው። ፍሬን ሲይዝ እርጥቡ ላይ ደረሰ፤ ጭቃ እንደከዳው አህያ በጎኑ ተንሸራተተ። አንድ እግሩ ተሰበረ፣ ክንፉ መሬት ፈተገ፣ አፍንጫው ላይ ያለው ፕሮፔለር ታጠፈ። እልል ሊሉ አፋቸውን የከፈቱ ሴቶች እንደከፈቱት ቀሩ።

አብራሪው ብቻውን ነበር፤ ገና ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ፈረንጅ። መጀመሪያ ያወጣው የክትባቱን የበረዶ ሳጥን ነው። ሳጥኑ ደህና ነበር፤ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ተቀብሎት ያኔውኑ ዛፍ ሥር ልጆቹን ማሰለፍ ጀመረ። አብራሪው ልጅ በአገሩ በየሳምንቱ መጨረሻ ለደስታው አስፋልት ላይ ያበር እንደነበር፣ ብቻውን አፈር ላይ ሲያርፍም ይህ የመጀመሪያው እንደሆነ ነገረኝ። አሳዘነኝ፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም።

በማግስቱ ከወልድያ አንድ ሹም ከወታደር አጀብ ጋር መጣ። በዚያ ዘመን «አሻጥር» የምትባል ቃል ነበረች፤ የተነገረችበት ሰው ይወሰዳል፣ ሲመለስ ያየነው ግን የለም። ሹሙ የደረቀውን እበት በጫማው ጫፍ ፈነቀለና «ይህን ያስደረገው ማነው?» አለ።

ሽማግሌው ፎጣቸውን አስተካክለው ሊነሱ ሲሉ ትከሻቸውን ያዝኩ። «አባባ፣ አንቱ ይቀመጡ» አልኳቸው በሹክሹክታ። ከዚያ ለሹሙ አብራሪው ቢጠየቅ እንደሚሻል ነገርኩት። እሱም እኔኑ አስተርጓሚ አድርጎ ልጁ ወዳደረበት ጤና ጣቢያ ይዞኝ ሄደ።

ልጁ ምንም አልደበቀም። «ዘግይቼ ማረፌ እውነት ነው» አለ። «ሜዳው ደረቅ ቢሆን ግን ይቆምልኝ ነበር። ለምን እንዳረጠቡት አልገባኝም።»

የመጀመሪያውን በትክክል ተረጎምኩ። ቀጥዬ «መሬቱ ምንም አልነበረበትም፤ ልምድ ስለሌለኝ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው ይላል» አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ እስከ ዛሬ የሚገርመኝ እሱ ነው። ሹሙ ጽፎ ሲጨርስ ወረቀቱን እንዲፈርም ለልጁ ሰጠው።

ልጁ ብዕሩን ይዞ አየኝ። «ስለ እርጥቡ ነግረኸዋል?»

«አዎ» አልኩት።

ፈረመ። ያን ቀን ይዘውት ሄዱ። በኋላ ከድሬሰሩ እንደሰማሁት፣ አሠሪዎቹ ሁለተኛ መሪ እንዳይጨብጥ ከልክለው ወደ አገሩ መልሰውታል። ሽማግሌውን በማትረፌ አልጸጸትም፤ ነገ ቢመጣም ያንኑ አደርጋለሁ። ግን «እንደ አውድማ» ያልኩት እኔ ነበርኩ፤ «እኔ ነኝ» ማለት እችል ነበር። ፈራሁ።

ማታ ራት ላይ ሽማግሌው «ልጁ ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው አለ።»

ጉርሻቸውን አስቀመጡ። «ወላሂ፣ ሲያዳልጠው በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ። «አውቆ ነው የሸፈነን። እናት እንዲህ ያለውን ትውለድ።»

ልጁ ማብረር መከልከሉን ከሰሙ ወዲህ ጁምዓ በመጣ ቁጥር ከመስጊድ ሲመለሱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጉለት ነበር፤ «ያ ረቢ፣ ያን የፈረንጅ ልጅ ወደ ሰማዩ መልሰው» እያሉ። እኔ ክርስቲያኑ አጠገባቸው ተቀምጬ «አሚን» እል ነበር።