የጠፋችው ቅርጫት

እናቴ ኮምፒውተር የምትከፍተው አማትባ ነው። የለበሰውን ዳንቴል ገለጥ ታደርጋለች፣ ቁልፉን ትጫናለች፣ ከዚያ እስኪበራ ቆማ ትጠብቃለች። ሲበራ እመቤታችን ከነልጇ ስክሪኑን ሞልታ ብቅ ትላለች። ስዕሏን ያስገባላት ወንድሜ ነው፤ ለሥራ ወደ ባሕር ዳር ከመሄዱ በፊት ደስ ይበላት ብሎ ያደረገው ነው። ደስም አላት። አንድ ነገር ግን አልዋጥልሽ አላት፤ ከስዕሏ ጥግ የኮምፒውተሩ የቆሻሻ ቅርጫት ምልክት ተቀምጧል።

«ምነው ልጄ? ቆሻሻ መጣያ ከእመቤታችን ትከሻ ላይ ይቀመጣል?»

«እማ፣ እውነተኛ ቆሻሻ እኮ የለበትም» አልናት ወንድሜና እኔ እየተቀባበልን።

«ባይኖርበትስ? ባዶ ነው ተብሎ የቆሻሻ ቅርጫት ቤተ መቅደስ ይገባል?»

ወንድሜ እዚህም እዚያም ጠቅ ጠቅ አደረገና ቅርጫቷን ከዓይን ሰወራት። እናቴ መረቀችው። እኔም ነገሩን እዚያው ረሳሁት።

የእናቴ የልብ ጓደኛ የምትኖረው እስራኤል ነው። እኔ አክስቴ እላታለሁ። ሁለቱ ያደጉት ከጎንደር ወጣ ብሎ፣ ከደባርቅ መንገድ በእግር በሚገባበት መንደር ውስጥ፣ ካንድ ምንጭ ውኃ እየቀዱ ነው። የአክስቴ ቤተሰቦች ቤተ እስራኤል ናቸው፤ እናቷ ሸክላ ሠሪ ነበሩ፣ ስፌትም ያውቁበት ነበር። በጊዜው ደንብ ሁለቱ ልጆች ባንድ ገበታ አይበሉም ነበር፤ ምንጩ ዳር ሲደርሱ ግን ከልካይ አልነበራቸውም። አክስቴ ኮረዳ ሳለች ቤተሰቡ ሁሉ ወደ እስራኤል ሄደ። እናቷ ከጉዞው ቀደም ብለው አርፈው ስለነበር እዚያው አፈር ውስጥ ቀሩ። እናቴ ጋ ደግሞ እሳቸው የሰፏት አንዲት ትንሽ ሙዳይ ቀረች። ዛሬም ኮምፒውተሩ አጠገብ ናት። እናቴ መነጽሯን፣ የጆሮ ጉትቻዋን፣ በአጠቃላይ ይጠፋብኛል ብላ የምትሳሳለትን ሁሉ እዚያች ውስጥ ታስቀምጣለች።

ከብዙ ዘመን በኋላ በሰው በሰው ተፈላልገው ስልክ ተገኘ። እሑድ እሑድ እናቴ ከቅዳሴ ስትመለስ በእኔ ስልክ በቪዲዮ ይገናኛሉ። የምኖረው ማራኪ በሚባለው የጎንደር ሰፈር ተከራይቼ ስለሆነ በሚኒባስ እየመጣሁ ስልክ ያዥ እሆናለሁ። ወሬው ሲደራላቸው እዚያ መቆሜንም ይረሱታል።

አንድ እሑድ አክስቴ ስትስቅ ቆይታ ድንገት ፊቷ ተለወጠ። የልብ ቀዶ ሕክምና ልታደርግ ቀጠሮ ይዛለች።

«ቢላዋው አያስፈራኝም» አለች። «እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ የእማዬ መቃብር ነው። ስንሄድ ድንጋይ ከምረንበት ነበር። መሬቱን ሌላ ሰው ይዞታል፤ ታርሶ ይሆን እያልኩ ነው የምገላበጠው። ሆስፒታል ሳልገባ ባወቅሁት።»

ጥልቅ ማለት ልማዴ ነው። «እኔ ሄጄ ቀርጬ አሳይሻለሁ!» አልኩ።

ደግሞም ሄድኩ። ከዋናው መንገድ ወርጄ ወንዙን ተሻግሬ መንደሩ ስደርስ አንድ ሽማግሌ በሬ ጠምደው ያርሳሉ። ስልኬን ከፍቼ እየቀረጽኩ ተጠጋኋቸው።

«አያ፣ እዚህ አካባቢ የተቀበሩ አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበሩ አሉ። ቦታውን ያውቁታል?»

«እንዴታ!» አሉና በሬዎቹን አቁመው ቀደም ቀደም አሉ።

ከማሳው መሐል የድንጋዩ ክምር አለ። ትልሙ ቀጥ ብሎ ይመጣና ክምሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ ያልፈዋል። «አባቴም ሲያርስ ይዞረው ነበር» አሉ ሽማግሌው። «እኔም እዞረዋለሁ። ሰው ተኝቶበት የለ?» ሁሉንም ቀረጽኩት፣ ድምፃቸውን ጭምር።

ቪዲዮውን ለአክስቴ ልላክላት ብል ኔትወርኩ አልሸከምም አለ። ስልኬም ሞልቶ ስለነበር ቅዳሜ እናቴ ቤት ሄጄ ወደ ኮምፒውተሩ አዛወርኩትና ከስልኬ አጠፋሁት። እንዳይጠፋብኝ ብዬ ከሁሉም ፊት፣ ስክሪኑ ላይ አስቀመጥኩት። እሑድ አክስቴ ስትደውል ስልኬን ወደ ስክሪኑ አዙሬ ላሳያት ነው። በማግስቱ ሰኞ ሆስፒታል ትገባለች።

እሑድ ጠዋት እየከነፍኩ መጣሁ። ዳንቴሉን ገለጥኩ፣ ከፈትኩ። ቪዲዮው የለም። ያለውን ቦታ ሁሉ ገብቼ አሰስኩ፤ የለም። እናቴ ነጠላዋን እንዳጣፋች ከቤተ ክርስቲያን ገባች።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ ዐመድ መሰለ።»

«ቪዲዮው ጠፋ! ትናንት እዚህ ነበር፣ እመቤታችን ግንባር ላይ!»

እናቴ ቀስ ብላ፣ «አህያው ነው?» አለች።

የምን አህያ ልላት ስል ትዝ አለኝ። መቅረጽ ስጀምር ከፊቴ አህያ ቆሞ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ የመጀመሪያውን ምስል ነው ለምልክት የሚያሳየው።

«ማታ መዝሙር ልሰማ ስከፍት አህያ ግንባሯ ላይ ተገትሯል» አለች እናቴ። «ማን ነው እንዲህ የደፈራት ብዬ፣ ወንድምሽ የማትፈልጊውን በዚች አጥፊ ባለኝ ቁልፍ…» ቃሉን አልጨረሰችውም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «የሰው እናት መቃብር ነው ያጠፋሁት?»

ተመልሼ ልቅረጽ እንዳልል፣ ከሄድኩበት ማግስት ዝናቡ ይዞት ወንዙ ሞልቷል። ከኮምፒውተር የተሰረዘ ነገር መጀመሪያ ቅርጫቱ ውስጥ እንደሚወድቅ አውቃለሁ። ቅርጫቷስ የት አለች? በራሷ በእናቴ ትእዛዝ ተሰውራለች! ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ነገሩን ስነግረው ሳቁን ለቀቀው።

«አትሳቅ፣ ሰዓት የለኝም!»

«እሺ እሺ። ስክሪኑ ላይ ባዶ ቦታ ፈልጊና በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ጠቅ አድርጊ።»

«ባዶ ቦታ የለም፣ ሁሉም እመቤታችን ናት» አልኩት።

እናቴ ከኋላዬ፣ «ቀሚሷ ጫፍ ላይ አድርጊው፣ ይቅርታ ጠይቀሽ» አለች። ይቅርታ ጠይቄ ጠቅ አደረግሁ። ዝርዝር ወጣ። ወንድሜ የመጨረሻውን ተጫኚ ይላል፣ እጫናለሁ፤ ስለ ስክሪን ገጽታ የሚለውን ክፈቺ ይላል፣ እከፍታለሁ። ማውሱ ላብ በላብ ሆኗል። በዚህ መሐል የአክስቴ ጥሪ ስልኩን ጢጥ ጢጥ ያሰኘው ጀመር። እናቴ ጉልበቷን እየመታች፣ «ደወለች፣ ደወለች!» ትላለች።

«ትንንሽ ሳጥኖች አየሽ? ቅርጫት የሚለው ላይ ምልክት አድርጊና እሺ በይው።»

አደረግሁ። ቅርጫቷ ከእመቤታችን ትከሻ ላይ ቱር ብላ ወጣች። ዓይኔን ተክዬ አየኋት፤ ከአፏ ወረቀት ተርፏል።

«እማ፣ ባዶ አይደለችም!» ብዬ ጮህኩ።

ከፈትኳት። አህያው እዚያ ቆሟል! በቀኝ ቁልፍ ጠቅ አደረግሁ፣ ወደ ቦታው መልስ የሚለውን ተጫንኩ፤ አህያው ተመልሶ እዚያው የነበረበት ቦታ ግንባሯ ላይ ተገተረ። እናቴ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? እልልታዋን አቀለጠችው። ወንድሜ ስልኩ ውስጥ ሆኖ ይስቃል፣ እኔ እየሳቅኩ አለቅሳለሁ።

አክስቴን አነሳናት። ልጆቿንና የልጅ ልጆቿን ሰብስባ ተቀምጣለች።

«ምነው ዘገያችሁ እናንተ? ልቤን ሐኪሙ ሳይደርስበት እናንተ ልትጨርሱት ነው?»

ስልኬን ወደ ስክሪኑ አዞርኩና ከፈትኩላት። አህያው ሲመጣ የልጅ ልጆቿ ተንጫጩ። ከዚያ ማሳው መጣ፣ የሽማግሌው ድምፅ መጣ፣ ክምሩ መጣ። አክስቴ ወደ ስልኳ ተጠግታ ትልሙን በጣቷ ተከተለችው፤ ጣቷ ክምሩ ጋ ሲደርስ እንደ ትልሙ ዞር አለ።

«ዞረውሻል እማዬ» አለች። «አልረገጡሽም።»

ድገሚው አለችኝ፣ ደገምኩት። እንደገና ደገምኩት። በመጨረሻ እንባዋን ጠርጋ፣ «በቃ፣ አሁን ልግባ» አለች።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ቅርጫቷን መልሼ ልሰውር ማውሱን ስይዝ እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«ተያት። ስሟን ግን መለወጥ ይቻላል?»

«ይቻላል። ምን ልበላት?»

«ሙዳይ በያት።»

ጻፍኩላት። እናቴ መነጽሯን ከሙዳይዋ አውጥታ አነበበችውና ራሷን ነቀነቀች። አህያውንም ላነሳው ስል፣ «እሱንስ የት ትወስጂዋለሽ? እመቤታችንን በስደቷ ጊዜ የተሸከማት አህያ አይደል? ከግንባሯ ወደ እግሯ አውርጂውና ይቁም» አለችኝ። አወረድኩት።

ቀጣዩ እሑድ ስልኩ ሳይጠራ አለፈ። እናቴ ቀኑን ሙሉ ዳንቴሉን ሳታለብስ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ዋለች። በሌላው እሑድ ጠራ። አክስቴ ትራስ ተደግፋ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ፣ ሰላምታም ሳታስቀድም፣

«አህያውን ክፈቺልኝ» አለች።