የሊሲላ ባዶ ክንድ

በጥንቷ አቴና፣ ወደ መቃብር ቦታው በሚወስደው መንገድ አጠገብ፣ ሐውልት ላይ የሚታሰር የሱፍ ጥብጣብ የሚሸጡ ሴቶች ብዙ ነበሩ። ከነሱ መካከል የአሮጊቷን የሊሲላን ቋጠሮ ግን ዝናብም ነፋስም አይፈታውም ይባላል። ጥርሷ ካለቀ ወዲህ እንኳ ክሩን በድዷ ነክሳ ታጠብቀው ነበር። "ረከስ አድርጊው" ለሚላት ገዢ "ሟችህ ርካሽ ነበር እንዴ?" ትለዋለች።

ልጇ ፋኖ ከሞተች በኋላ ቀልዷ መረረ። የፋኖ ባል ፊሊኖስ የሚባል የሸክላ ኩራዝ ሠሪ ነው። ሬሳዋን ሲያመጣ "ከደረጃ ወደቀች" አለ። ሊሲላ ልጇን ስታጥብ አንገቷ ላይ የጣቶቹን ምልክት አየች። በአገሩ ሕግ ሴት፣ ዳኛ ፊት ቆማ አትከስም፤ የሚከስላት ወንድ ዘመድም አልነበራት። ለሰውየው ከንፈር ተመጠጠለት፤ ይኸው አሁን ሌላ ልጃገረድ ሊያገባ ነው።

የሰርጉን ወሬ የሰማች ለታ ማኔስ ዘንድ ሄደች። ማኔስ ለዓሣ አጥማጆች እርሳስ የሚያቀልጥ፣ ጓሮው ውስጥ ደግሞ ለድግምት የሚሆን ሌላም ነገር የሚሠራ አንካሳ ነው። አውራ ጣት የሚያህል የእርሳስ ሰው ሠርቶ እጆቹን ወደ ኋላ ጠመዘዛቸው።

"ጆሮ ላውጣለት፣ እትዬ?"

"ምን ያደርግለታል? ስትጮህ ላልሰማ!"

"እግሩንስ ልጠምዝዘው?"

"ተወው፣ ቆሞ ይሂድ፤ ሰው ይየው። እኔ የምፈልገው እጁን ነው።"

ማኔስ ሳቀና ምስማር ጨመረላት። "ያለ ዕድሜው የሞተ ሰው መቃብር ውስጥ ክተቺው። እንዲህ ያለ ሙት አያርፍም፣ መልእክት ያደርሳል። 'ይህ ሙት ከንቱና በድን እንደሆነ፣ የፊሊኖስም እጅ ከንቱና በድን ይሁን' በይ። እንዲህ ያለ መቃብር ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ" አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ጥብጣቧንና የዘይት ብልቃጧን ይዛ ወደ ፋኖ መቃብር ሄደች። ዞር ብሎ ያያት የለም። ከሐውልቱ ሥር በምስማሩ ጫረችና የእርሳሱን ሰው አስገባች። "ይህች ሙት…" ብላ ጀመረች። ከንቱ? በድን? ሱፍ እየፈተለች ሰፈሩን በዘፈን የምታናውጠው ልጅ? ደግሞስ ከእንቅልፏ ቀስቅሳ ወደዚያ ቤት፣ ወደዚያ ደረጃ ልትልካት ነው?

"አይ፣ ፋኖዬ፣ አንቺ ተኚ። ይሄ የኔ ሥራ ነው።"

የእርሳሱን ሰው አውጥታ፣ አፈሩን መልሳ፣ ማንም ወደማይቀዳበት አሮጌ የውሃ ጉድጓድ ሄደች። ደረቱን በምስማሩ ወጋችው። በጥብጣብ ጠቀለለችው፤ በድዷ ነክሳ ቋጠረችው።

"የኔ ክንድ ባዶ እንደሆነ፣ የፊሊኖስም እጅ ባዶ ይሁን! እኔ ልጄን እንደማላቅፍ፣ እሱም ጭቃ አይያዝ፣ ጽዋ አይያዝ፣ የሴት አንገት አይያዝ!"

ለቀቀችው። ውሃው አንዴ ጮኸና ዝም አለ።

ሰርጉ ሳይደርስ የፊሊኖስ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኩራዞቹ ሳይጠበሱ ይጣመማሉ። በሙሽሪት አባት ቤት የቀረበለትን ወይን በአማቱ ልብስ ላይ ደፋው። "ስካር ነው" ያለም ነበር፣ "በሽታ ነው" ያለም። አባትየው ልጁን ከለከለው።

ማኔስ መንገድ ላይ ሲያገኛት ጠቀሳት። "መቃብሩ ሠራ፣ እትዬ!"

"የምን መቃብር?" አለችው።

ምን ብላ እንዳሰረችው እሷ ታውቃለች፤ ክንዷ አንዴ ከሞላ የሱም እጅ ይፈታል።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን አጠገቧ የምትሸጠው ሮዲያ የልጅ ልጇን አምጥታ "እንኪ ያዢልኝ፣ ውሃ ልቅዳ" አለቻት። ሕፃኑ እየሳቀ ወደ ሊሲላ ተንጠራራ። ሊሲላ ሁለት እጇን ወደ ኋላዋ አደረገች።

"ምነው አንቺ! አይነክስሽም፣ እንዳንቺው ጥርስ የለውም!"

"አልይዝም።"

"ለአንድ አፍታ እኮ ነው!"

"ፊሊኖስ ገና አልሞተም" አለች ሊሲላ።

ሮዲያ ምኑም አልገባትም። ሕፃኑን እንዳቀፈች እያጉረመረመች ሄደች። ሊሲላ እጇን ወደ ፊት የመለሰችው ሁለቱም ከዓይኗ ከራቁ በኋላ ነው።